የናይሮቢዋ አንድ ነጥብ

በዓለም የቴኒስ ደረጃ ላይ አንድ ነጥብ እንዳለኝ የሚያምን ሰው ናዝሬት ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ይህችን ለመናገር ይህን ያህል ዘመን መቆየቴ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኳት ይዣት ልሞት ነው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ነጥብ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። የቴኒስ ተጫዋች በዓለም ስንተኛ እንደሆነ የሚለካው ከየውድድሩ በሚሰበስበው ነጥብ ነው። ታላላቆቹ ነጥብ አይቸግራቸውም። ከታች ያለነው፣ ከእናታችንና ከጎረቤት በቀር ማንም የማያውቀን፣ አንዲት ነጥብ ለማግኘት አገር አቋርጠን መሄድ አለብን፤ ነጥብ የሚሰጥ ውድድር እኛ ዘንድ አይደረግማ። ለእኛ ቅርቡ ናይሮቢ ነበር። እዚያ በዓመት አንዴ በሚደረገው ውድድር ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቦታ ይሰጡ ነበር። አንድ ጨዋታ ያሸነፈ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ አንድ ነጥብ ያገኘ ደግሞ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል፣ ከመጨረሻዎቹ ከመጨረሻዎቹ መሃል። በቃ፣ ሕልማችን ይህችው ነበረች። የመጨረሻዎቹ መጨረሻ መሆን ነበር የምንመኘው፣ ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ።

ሜዳችን ከናዝሬት ወጣ ብሎ ባለ የሸንኮራ እርሻ ግቢ ውስጥ ነው። ፈረንጆቹ ለራሳቸው ብለው ሠሩት፤ ንብረቱ ሲወረስ ሜዳውም አብሮ ተወረሰና የሠፊው ሕዝብ ሆነ። ሠፊው ሕዝብ ደግሞ እግር ኳስ ነው የሚወደው። ስለዚህ ቀዩን ሜዳ የምንረግጠው እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። እኔ እዚያው መዝገብ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥራ በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ሙቀቱ ቀነስ ሲል ራኬቴን ይዤ እወርዳለሁ።

ሜዳውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከፈረንጆቹ ጊዜ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ውሃ ያጠጣሉ፣ በድንጋይ መዳመጫ ይዳምጣሉ፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ። ራኬት ጨብጠው ሲጫወቱ ያየ ሰው የለም። ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው የኳሷን ድምፅ ብቻ ሰምተው «እጅህ ዘግይቷል» ይሉ ነበር፤ ተሳስተውም አያውቁም።

ከሁላችንም የሚበልጠው ተጫዋች ሸንኮራ የጫኑ መኪናዎች የሚመዘኑበት ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። ባለሚዛኑ እንለዋለን። ዝምተኛ ነው፤ ሲገባ «አካም» ይላል፣ ሲወጣ «ነጋቲ» ይላል፣ በመሃል ሥራውን ይሠራል። አንዲት ኳስ ነበረችው፣ የእሱ ብቻ የሆነች። በኃይል ሊመታ ነው ብለህ ወደ ኋላ ስትሸሽ እጁን ያላላና ኳሷን ከመረቡ ወዲያ ጠብ ያደርጋታል። ሮጠህ ብትመጣ ሞታ ታገኛታለህ። እኔ እሷን ኳስ ስንት ጊዜ ልሰርቅ ሞክሬ መረብ ውስጥ ከትቻታለሁ። ባጠቃላይ እሱ እኔን ያሸንፈኛል፤ ብዙ ጊዜ። አልፎ አልፎ እኔ ሳሸንፍ ቀኑን ሙሉ አፌ አይገጥምም፤ እሱ ሲያሸንፍ ግን ራኬቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለናይሮቢ ሊሄድ የነበረው እሱ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ሊያልቅ ሲል ወባ ጣለችው። እርሻ ውስጥ ለሚኖር ሰው ወባ ብርቅ አይደለችም፤ ያን ጊዜ ግን እንዳይነሳ አድርጋ ነው የጣለችው። ልጠይቀው ስሄድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ሂድ» አለኝ።

«የሚመጣው ዓመት ያንተ ነው» አልኩት። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ አፌ ነው ያልኩት። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሠላሳ የሞላውን ሰው አይልኩም። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት ለእሱ የመጨረሻው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «አላወቅኩም» እንዳልል ነው።

ያኔ ከአገር ለመውጣት ተያዥ ያስፈልጋል። ሰውዬው ካልተመለሰ ተጠያቂው ተያዡ ነው፤ እንዴት እንደሚጠየቅ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አባቴ ሞቷል፤ አጎቶቼ አንዱ አመመኝ፣ አንዱ ሥራ በዛብኝ አሉ። ጋሼ መጥተው ሳይጠየቁ ፈረሙልኝ። ከዚያም ከፈረንጆቹ ጊዜ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጧቸውን ነጫጭ ጫማዎች አውጥተው ሰጡኝ። ታችኛው ጎማ ገና አልተነካም። «በእነዚህ ተጫወት፤ አደራ፣ ስትመለስ ላያቸው» አሉኝ።

ናይሮቢ እንደደረስኩ የመጀመሪያ ተጋጣሚዬ ማን እንደሆነ ሰሌዳ ላይ አየሁ። ከኡጋንዳ የመጣ ሰው ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጫማዬን አስሬ፣ ራኬቴን ይዤ ሜዳው ዳር ቆሜ ጠበቅኩት። አልመጣም። ሆዱን አሞት ተኝቷል አሉ። የውድድሩ ጸሐፊ፣ መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ መጥታ እጄን ጨበጠችኝና «አልፈሃል» አለችኝ።

እኔም የመጀመሪያ ጥያቄዬ ምን ነበር መሰላችሁ? ሰውዬው ተሻለው ወይ አላልኩም። «ነጥቡስ?» ነው ያልኩት።

ሴትዮዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ሳይጫወት ላለፈ ሰው ነጥብ የለም፤ ነጥብ ከፈለግህ ነገ የሚመጣብህን አሸንፍ አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። እንዲያውም ሻይ አስመጣችልኝ።

ሻዩን እንኳ ሳልጨርስ ቴሌግራም ቤት ሮጥኩ። ወደ ክበባችን የላክኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አለፍኩ»። እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። አልፌያለሁ።

በማግስቱ ከህንድ ከመጣ ረጅም ሰው ጋር ገጠምኩ። ምን ልበላችሁ። የመጀመሪያዎቹን አራት ኳሶች መረብ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም፤ ሰውዬው ኳሷን ሲመታት ድምፁን እሰማለሁ፣ ኳሷን ግን አላይም። ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለዜሮ። ላቤ እንኳ በደንብ ሳይወጣ አለቀ። ሰውዬው እጄን ሲጨብጥ በርታ እንደሚባል ሕፃን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እዚያ ላይ ነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያልኩት፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ውርደት ገና አገሬ እንደሚጠብቀኝ አላወቅኩም።

ያን ዘመን ከውጭ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም። ለሕዝቡ ገለጻ ያደርጋል። አዳራሽ ተዘጋጅቶ፣ ጨርቅ ላይ መፈክር ተጽፎ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠረጴዛ ላይ ቀይ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ሄደህ ያየኸውን ታወራለህ። እኔም ከአዲስ አበባ አውቶቡስ እንደወረድኩ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለው ቀጥታ አዳራሽ አስገቡኝ። ጢም ብሎ ሞልቷል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት ተቀምጣለች። ጋሼ በሩ ጋ ቆመዋል። ባለሚዛኑ ከወባው ተነስቷል፤ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ቴሌግራሙን ከፍ አድርጎ አሳየና «ጓዳችን የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፎ አልፏል። አንድ ጨዋታ ያሸነፈ ደግሞ አንድ የዓለም ነጥብ ያገኛል። አይደለም ወይ ጓድ?» አለ።

ሁሉም እኔን አየ። «አይደለም፣ ሰውዬው ሆዱን አሞት ነው» ማለት ነበረብኝ። ስምንት ቃል አይሞላም። የእናቴን ፊት አየሁ። የሊቀ መንበሩን እጅ ከነቴሌግራሙ አየሁ።

«ነው» አልኩ።

ጭብጨባው ቤቱን ነቀነቀው። እኔ ቀሪውን በዝምታ ባልፈው ኖሮ ምናልባት እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ግን ከኋላ አንዱ ተነስቶ «እንዴት እንዳሸነፍክ ንገረን እንጂ» አለ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጀመርኩ። ያንን ሆዱን ታሞ አልጋ ላይ የዋለ ምስኪን ኡጋንዳዊ አስነስቼ ሜዳ ውስጥ አስገባሁት። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጫወትኩት። ፀሐይዋን አናቴ ላይ አወጣሁ። መጀመሪያ እሱን አስመራሁት፣ ቀጥሎ አቻ ሆንን፣ ሴቶቹ እፍ እፍ እስኪሉ ድረስ አስጨነቅኳቸው። መጨረሻ ላይ ማሸነፊያ ኳስ አስፈለገኝ። የምናገረውን ሳላስብ ከአፌ ያመለጠችው ያቺው ኳስ ነበረች፦ «በኃይል ልመታ ነው ብሎ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ እጄን አላላሁና ከመረቡ ወዲያ ጠብ አደረግኳት።»

ባለሚዛኑ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ያ ዝምተኛ ሰው ሲናገር በሕዝብ ፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። «የኔ ኳስ ናት!» አለ፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ። «የኔን ኳስ ነው የመታት!» ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። በራሱ ኳስ ኡጋንዳዊ የተሸነፈ መስሎት፣ በሽታውንም ናይሮቢንም ረስቶ ነው የተደሰተው። እኔ ፈገግ አልኩለት። ዛሬ ያንን ፈገግታዬን ሳስበው ጥርሴ ሁሉ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት እኛ ቤት ጸሎት ነበረ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ጎረቤቶቻችን በየተራ በየሰዉ ጓዳ ይሰበሰባሉ፤ ድምፅ ሳያሰሙ ይዘምራሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እናቴ ተራዋ ሲደርስ «ለልጄ ስለሰጠኸው ነጥብ ተመስገን» አለች። ነጥብ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የምታውቀው እግዚአብሔር እንደሰጠኝ ነው። በሹክሹክታ ነው ያለችው፣ ተይዘው ሊታሠሩ በሚችሉበት ጸሎት። እኔም ከሁሉም ጋር «አሜን» አልኩ።

ጫማዎቹን ለጋሼ የመለስኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። አመስግነው ያስቀምጧቸዋል ብዬ ስጠብቅ ገለበጧቸውና ታችኛውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ የቀኝ እግሩን ጫማ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«አንተ ሰርቭ ስትመታ ቀኝ እግርህን መሬት ለመሬት ትጎትታለህ» አሉኝ። «ከመስመሩ ኋላ የምትቆፍራትን ጉድጓድ በየማታው የምደፍናት እኔ ነኝ። የገዛ ጫማህን ጫፍ በሁለት ወር ነው የምትጨርሰው። በዚህ ጫማ ሦስት ሰዓት ተጫውተህ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ተጫውተህ፣ ጫፉ አልተነካም።»

«ጋሼ...» አልኩ።

«እኔ አልናገርም» አሉ። «ነገሩ የኔ አይደለም። ያንተ ነው፣ የእሱም ነው። የሚመጣው ዓመት የእሱ ነው ብለሃል። ምርጫው ሳይደርስ ተናገር።»

«እሺ እናገራለሁ፣ እርስዎ ብቻ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ጊዜ ምን አደረግኩበት? መቂ ወሰዱኝና ለወጣቶች ገለጻ አደረግኩ። ዝዋይ ወሰዱኝና ደገምኩት። ሻሸመኔ ላይ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኡጋንዳዊው በየከተማው እየጎበዘ ሄደ፤ በመጨረሻ የአገሩ ሻምፒዮን አደረግኩት። አንዳንዴ አንድ የሚያውቅ ሰው ተነስቶ «ዝርዝሩን አይቻለሁ፣ ስምህ የለም» እንዲለኝ የምመኝበት ጊዜ ነበር። ግን ዝርዝሩን ማን ያየዋል? እኛ ጋ አንድ ቅጂ እንኳ አልገባም። ውሸታምነቴን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና ጋሼ። ጋሼ ደግሞ በየማታው ጉድጓዴን ይደፍናሉ፣ ቀና ብለው ያዩኛል። እኔ ዓይኔን ወደ ራኬቴ እወስዳለሁ።

ባለሚዛኑ ያን ዓመት እንደ እብድ ነው የተለማመደው። ጠዋት ከሥራ በፊት ይመጣል፣ ማታ እንደገና ይመጣል። ሁለት ጊዜ ተጋጥመን ሁለቴም አሸነፈኝ፤ ያውም አንዱን በሰፊ ልዩነት። ሲያሸንፈኝ እጄን ይዞ «ነጥብ ያለውን ሰው ማሸነፍ ቀላል አይደለም» ይለኛል። አያሾፍም። ከልቡ ነው። ሠላሳ ሊሞላው ወራት ቀርተውት ነበር።

ምርጫው የሚደረገው በስብሰባ ነው። ተጋጥመን ያሸነፈው ይሂድ አይባልም፤ ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። ስብሰባው ደግሞ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ስብሰባ በሂስና ግለ ሂስ ነው የሚጀመረው። ይህን ላላየ ሰው ልንገረው፦ እያንዳንዱ ተራ በተራ ይነሳና ያጠፋውን በሕዝብ ፊት ይናገራል፤ ጓዶቹ ደግሞ ይጨምሩበታል። አብዛኛው ሰው የረባ ጥፋት አይናገርም፤ አረፈድኩ፣ መዋጮ አዘገየሁ፣ ጋዜጣ አላነበብኩም ብሎ ይቀመጣል። ብልጠቱ እዚያ ላይ ነው። ትንሿን ትሰጣቸዋለህ፣ ትልቋ ታልፋለች።

ጋሼ ያን ዕለት አዳራሹን ሊያጸዱ መጥተው በሩ ጋ ቆመው ቀሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው እኔን ነው የሚያዩት። አስቡት እስቲ። አንድ ሰው ኃጢአቱን እንዲናገር ወንበር ተደርድሮ፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ስሙ ተጠርቶ ተራው ሲደርሰው። ከዚያ የበለጠ ምን ዓይነት ዕድል ይሰጠኝ? ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«ለልምምድ አንዳንዴ አረፍዳለሁ» አልኩ። «አርማለሁ።» ተቀመጥኩ።

ጋሼ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ።

ከእኔ ቀጥሎ የባለሚዛኑ ተራ ነበር። ተነስቶ ቆመ። እንደ እኔ ትንሿን ሰጥቶ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት እያየ እንዲህ አለ፦

«እኔ በጓዴ ቀንቻለሁ። ነጥብ ሲያገኝ ደስ ብሎኛል፣ ግን ቀንቻለሁም። ወባ ባትይዘኝ ያቺ ነጥብ የኔ ነበረች እያልኩ ማታ ማታ አስባለሁ። ይህ ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ እውነት የሚናገር ሰው አልተለመደም ነበር። እኔ ደግሞ አሁን ተነሳ፣ አሁን ተናገር እላለሁ ለራሴ። እኔ ከራሴ ጋር ስሟገት ሊቀ መንበሩ ቀድሞኝ ተናገረ። ይህ የንዑስ ከበርቴ የግል ዝና ፍላጎት ነው አለ። አንድ ስፖርተኛ አገሩን እንጂ ራሱን ማሰብ የለበትም አለ። ሌላው ተነስቶ ደግሞ «ጓዳችን አንድ ነጥብ አለው፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ነው የሚገነባው፤ ነጥብ የሌለው ሰው ልከን ከዜሮ ለምን እንጀምራለን?» አለ። አሳማኝ ሆነ። እኔ ራሴ ባላውቀው ኖሮ ያሳምነኝ ነበር።

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። እጅ ሁሉ ለእኔ ወጣ። ቀና ብዬ ሳይ ባለሚዛኑም እጁን አውጥቷል። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። ያን ጊዜ ተያዥ የሆኑልኝ ጋሼ አይደሉም። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ተሸነፍኩ። ስመለስ «ተሸነፍኩ» ብዬ በግልጽ ተናገርኩ፤ እውነት ለመናገር እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ። ማንም ቅር አላለውም። «ምን ችግር አለው፣ የመጀመሪያዋ አለችህ» አሉኝ።

ባለሚዛኑ ሠላሳ ሞላው። አንድ ቀን ራኬቱን በዚያው በሚጠቀልልበት ጨርቅ ጠቅልሎ ጋሼ ጋ አምጥቶ ሰጣቸውና ከዚያ በኋላ ሜዳ ውስጥ አልታየም። ቂም የያዘ አይመስልም ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይስመኛል፣ ስለ ልምምዴ ይጠይቀኛል። ጋሼ ግን ተለወጡ። ልጅነቴን ያዩ፣ በአባቴ ዕድሜ የሆኑ ሰው፣ ከዚያች ስብሰባ ቀን ጀምሮ «አንተ» ማለታቸውን ትተው «እርስዎ» ይሉኝ ጀመር። «ሜዳው ተዘጋጅቷል፣ ይግቡ» ይሉኛል፣ ከወንበራቸው ተነስተው። እንዲተዉት ለመንኳቸው፤ አልተዉም። ከመስመሩ ኋላ የምቆፍራትን ጉድጓድ እንደ ድሮው በየማታው ይደፍናሉ። ጥቂት ወራት ከርሜ እኔም ጨዋታውን ተውኩት። ጉልበቴን አመመኝ ነው ያልኩት፤ ውሸት ከለመደ ሰው ምን ይጠበቃል። ጋሼ ያረፉት እኔ መተሐራ ተዛውሬ እያለሁ ነው። ለቀብራቸው አልደረስኩም። ብደርስ ከሰው መሃል ለመቆም የምደፍር አይመስለኝም።

ባለሚዛኑን ያገኘሁት ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ሞጆ አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ነው። እርሻውን ለቆ እዚያው ሞጆ ነበር የሚኖረው። ሸብቷል። የአሥር ዓመት የምትሆን ልጁን በእጁ ይዟል። ከሩቅ ሲያየኝ እንደ ወንድም ነው የሮጠው፤ «ኦቦሌሳ» እያለ አቀፈኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣

«ይኸውልሽ» አላት። «የነገርኩሽ ሰው ይህ ነው። የዓለም ነጥብ ያለው።»

ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «አባባ ያሸነፈው አንተን ነው?» አለችኝ።

«አንቺ፣ እርስዎ በይ እንጂ» ብሎ ቆጣት። ከዚያ ለእኔ፣ እያፈረ፣ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያልኳት። የዓለም ነጥብ ያለውን ሰው ሁለት ጊዜ አሸንፌዋለሁ ብያታለሁ። ከቴኒስ የቀረኝ ያቺ ድል ናት» አለኝ።

ለዓመታት «አንድ ቀን አገኘውና እነግረዋለሁ» ስል ነው የኖርኩት። ምን እንደምለው ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አሁን ፊቱ ቆሜ፣ ከአፌ ጫፍ ደርሶ ሳለ፣ ብናገር የምጎዳው ማን እንደሆነ ገባኝ። ነጥብ ከሌለኝ እሱ ያሸነፈው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ጉዞውን ወሰድኩበት፤ አሁን ደግሞ ከልጁ ፊት ይህችን ልወስድበት ነው። ዝም ብል ሌባ ነኝ፣ ብናገር ሁለተኛ ሌባ። ለዚያ ያበቃሁት እኔው ራሴ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም።

«እውነቱን ነው» አልኳት ልጅቷን። «ሁለት ጊዜ አሸንፎኛል። ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ በብዙ።» በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ እሱና ስለ እኔ ጨዋታ ከአፌ የወጣ ብቸኛው እውነት ይመስለኛል።

የሻሸመኔው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፤ የምሳፈረው እሱ ላይ ነበር። ሻንጣዬን ላነሳ ስል ባለሚዛኑ ክንዴን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከሆዴ አልወጣ ብሎ ነው» አለኝ። «ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ቀንቻለሁ ያልኩት፣ ይቅርታ የጠየቅኩት ኮሚቴውን ነው። አንተን ለብቻህ ጠይቄህ አላውቅም። ቀንቼብህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

የሚያለቅስ መሰለኝ። ልጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ረዳቱ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ፣ የቀረ» እያለ ይጠራል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ባለሚዛኑ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ልጁን ወደ እኔ ገፋ አደረጋትና «ተሰናበቺው» አላት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ።